ከላይ አራተኛው

"ዛፍ፣ ዛፍ ትላለህ፤ ሰዉ ግን ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚቀረው" አለች ሀኒያ። "አንዱን ሲከፍተው ውስጡ ሌላ አለ፤ እሱን ሲከፍተው ሌላ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ምን ፍለጋ እንደገባ ራሱ ይረሳዋል።"

"አንቺ ደግሞ መቶ አርባ ማስተካከያ ደብቀሽ ባዶ ሣጥን ታቀርቢለታለሽ" አለ ኪሩቤል ወንበሩን ወደ እሷ አዙሮ። "ስሙን የማያውቀውን ነገር እንዴት አድርጎ ይፈልጋል? ዛፉ ቢያንስ ምን ምን እንዳለ ያሳየዋል። እንደ ቤት ነው፤ ሳሎኑ የት፣ ጓዳው የት እንደሆነ ይታወቃል።"

"በሰው ጓዳ ገብቶ ጨው የሚያገኝ ማን ነው? የቤቱ እመቤት ብቻ።"

"እመቤቲቱማ አለችን" አለ ኪሩቤል፣ ሳቅ ብሎ በአገጩ ወደ በሩ እያመለከተ።

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው የሺመቤት ነበረች። ዐይኗን ከኮምፒውተሯ አላነሣችም፤ ቀልዱንም እንዳልሰማች ሆነች። ሁለቱ ወጣቶች በዚህ ነገር መጨቃጨቅ ከጀመሩ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው፤ በሦስቱ ሳምንት ውስጥ አንዲት ቃል አላመለጠቻትም።

ድርጅቱ ከጣና ዳር ብዙ በማይርቅ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ "መደርደሪያ" የሚባል የመድኃኒት ቤት ፕሮግራም ይሠራል። የትኛው መድኃኒት ስንት እንደቀረ፣ የትኛው ጊዜው እንዳለፈበት የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። ከመሸንቲ እስከ እንፍራንዝ ስልሳ የሚሆኑ መድኃኒት ቤቶች ይገለገሉበታል። እያንዳንዱ ቤት ፕሮግራሙን እንደ ጠባዩ የሚያስተካክልበት በማሳያው ላይ አንድ መስኮት አለው። የዛሬ ስድስት ዓመት ሲጀመር በዚያ መስኮት ውስጥ የነበረው ዐሥራ ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ደንበኛ አንድ ነገር በጠየቀ ቁጥር አንድ ሲጨመር፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲሸጎጥ፣ ይኸው መቶ አርባ ደረሰ። መስኮቱ እንደገና ይሠራ ሲባል ኪሩቤል ዛፉ አይነካ፣ ሥርዓት ይያዝ እንጂ አለ። በግራ በኩል ዝርዝር ይቆማል፤ አንዱን ሲነኩት ይከፈትና ልጆቹን ያወጣል፤ ልጁም የራሱን ልጆች። ሀኒያ ደግሞ ዛፉ ከሥሩ ይቆረጥ ባይ ናት። ከላይ አንድ ሣጥን ብቻ ይኑር፤ ሰው የፈለገውን ይጻፍበት፤ ማስተካከያው ራሱ ይምጣለት።

የሺመቤት የደንበኞችን ስልክ ተቀባይ ናት። እነዚያ ስልሳ መድኃኒት ቤቶች አንድ ነገር ሲበላሽባቸው ዛፍም ሣጥንም አያዩም፤ ለእሷ ይደውላሉ። እሷም ዛፉን ከነቅርንጫፉ በቃሏ ስለምታውቀው፣ "ከላይ አራተኛውን ክፈቱ፤ ውስጡ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ሦስተኛው ላይ ያለችውን ምልክት አጥፉ" ትላለች፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። አብዛኞቹን በመልክ አታውቃቸውም። በድምፃቸው ግን ማን ልጁ እንደታመመበት፣ ማን ከባለቤቱ ጋር ሲጨቃጨቅ አድሮ እንደመጣ ትለያለች።

እንግዲህ ሣጥኑ ከሠራ ማን ይደውላል? ካልደወሉስ እሷ እዚህ ምን ትሠራለች?

ይህን ያሰበችው ከሜዳ ተነሥታ አልነበረም። ባለፈው ሐሙስ ከማተሚያው ላይ የራሷን ወረቀት ልታነሣ ስትሄድ የሀኒያን ጽሑፍ አገኘች። "የሚጠበቁ ጥቅሞች" ይላል ርእሱ። ከሥሩ የመጀመሪያው መስመር፦ "የደንበኞች የስልክ ጥሪ በሰባ በመቶ ይቀንሳል።" ወረቀቱን እንደነበረ በፊቱ ደፍታ ተመለሰች። በማግሥቱ የድርጅቱ ባለቤት አለበል በጠረጴዛዋ በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ እንደተጠራቀመ፣ በዚህ ጾም ጥቂት ብታርፍ መልካም እንደሆነ ነገራት። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ እረፍቷ አንሥቶባት አያውቅም። እናቷ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ትል ነበር። የሺመቤት ደግሞ ለመመንጠር የሚተርፍ ነገር የላትም፤ ልጇ ቃልኪዳን ጤና ኮሌጅ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል፣ የዓባይ ማዶዋም ቤት የምትቆመው በዚህች አንዲት ወንበር ነው።

ስለዚህ ሰኞ ዕለት ሀኒያ መጥታ፣ "እትዬ የሺ፣ ሰዎች ሲደውሉ የሚሉትን እንዳለ፣ ቃል በቃሉ ቢጽፉልኝ" ብላ ስትለምናት፣ የሺመቤት እሺ አለችና ግማሽ ገጽ ሰጠቻት። በገጹ ላይ የነበረው ደንበኞቿ የሚሉት አልነበረም። ከፕሮግራሙ ላይ የተቀዱ ዐሥር ስሞች ነበሩ፤ "የወረቀት ስፋት"፣ "የተጠቃሚ ፈቃድ"፣ እንዲህ እያለ የሚሄድ። ደንበኞቿ የሚሉት መሳቢያዋ ውስጥ በሦስት ደብተር ተጽፎ ተቀምጧል፤ በግራ ስሞታው፣ በቀኝ መፍትሔው።

"የሚሉት ይህንኑ ነው?" ብላ ጠይቃት ነበር ሀኒያ።

"ይህንኑ ነው።"

ሀኒያ ወረቀቱን ሳይሆን እሷን ረዘም አድርጋ አየቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ የሁለቱ ሰላምታም ቀዘቀዘ።

አሁን አለበል ከውስጠኛው ክፍል ብቅ አለና ጭቅጭቁን አቁሙ አለ። ለዛሬ የተቀጠሩት ሁለት ደንበኞች ደረጃውን እየወጡ ነው። ሁለቱንም መስኮት ይሞክራሉ፤ ኪሩቤል ሰዓት ይይዛል፣ ሀኒያ ትጽፋለች፤ የተሻለው ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዛፍና ስለ ሣጥን መስማት አይፈልግም። ቀጥሎ ወደ የሺመቤት ዞረ።

"የሺ፣ አንቺ ጥግ ላይ ትቀመጫለሽ። እንዳትናገሪ። በታኅሣሡ ሙከራ ጊዜ ሁሉም መስኮቱን ትተው ያንቺን ፊት ነበር የሚያዩት። ስልክሽንም አጥፊው።"

"ዛሬ መጋቢት አንድ ነው። ወር በገባ ቀን ሁሉም ያለፈውን ወር ይዘጋል፤ ስልኩ አያርፍም።"

"ሁለት ሰዓት ብትጠፊ ሰማይ አይወድቅም።"

'ሁለት ሰዓት መጥፋቴንም እየሞከሩት ነው' አለች በሆዷ። ስልኩን አጠፋችው።

መጀመሪያ የገቡት የመሸንቲው መድኃኒት ቤት ባለቤት አቶ ገድሉ ነበሩ። የሺመቤት በድምፃቸው ሠርታ ያኖረቻቸው ግዙፍ፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበሩ። የገቡት ግን ኮታቸው የሰፋቸው፣ ቀጫጫ ሽማግሌ ሆኑባት። ያ ጐርናና ድምፅ ከዚያች ደረት መውጣቱ ገርሟት ልትስቅ ምንም አልቀራት። ከኋላቸው መሪየም ገባች፤ የወረታ ነጋዴ ናት፣ ወረታ ላይ አንድ መድኃኒት ቤት፣ እንፍራንዝ ላይ ደግሞ ቅርንጫፍ አላት። ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገጠሙበት ወር ስለነበር ሻይ ልጥራላችሁ ያለ የለም፤ በቀጥታ ወደ ሥራው ተገባ።

አቶ ገድሉ ከመቀመጣቸው ዙሪያውን ቃኙና፣ "የሺመቤት የትኛዋ ናት? ድምጿን እንጂ መልኳን አላውቀው፤ ዛሬስ ሳላያት አልመለስም ብዬ ነው የመጣሁ" አሉ።

"ዛሬ እንኳ የለችም" አለ አለበል።

ከእሷ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። ፊቱ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። የሺመቤት ጥግ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ የግድግዳውን ቀለም አየች። ሙከራው እንዳይበላሽ ብሎ እንዳለው ገብቷታል። እንዴት እንደቀለለው ግን አልገባትም።

ሀኒያ በሣጥኑ ጀመረች። ደረሰኙ እየተቆረጠ ግማሹ ብቻ ቢወጣ ያስተካክሉት ዘንድ አቶ ገድሉን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አውጥተው፣ አንድ አንድ ፊደል እየፈለጉ፣ "ደረሰኙ ግማሽ እየወጣ አስቸገረኝ" ብለው ጻፉ። መስኮቱ "ምንም አልተገኘም" አለ። "ደረሰኙ ይቆረጣል" ብለው ጻፉ፤ ምንም የለም። መሪየም ከጎን ሆና "ማተሚያው ይበላዋል" በሉት ብላ መከረች፤ እሱም የለም። ሀኒያ በእርሳሷ ጠረጴዛውን ትነካካ ጀመር። ማስተካከያው "የወረቀት ስፋት" ይባላል፤ ማንም ሰው ደረሰኙ ሲቆረጥበት ስለ ወረቀት ስፋት አያስብም። የሺመቤት ይህን ታውቃለች። ሁለተኛው ደብተር፣ ገና መግቢያው ላይ አለ። ከንፈሯን ገጠመች። በልቧ አንድ ነገር ደስ አላት፤ ደስ ማለቱም አሳፈራት።

"እንግዲህ ወደ ዛፉ" አለ ኪሩቤል፣ ደስታውን ሳይደብቅ። "ጋሼ ገድሉ፣ ወር ሲገባ ሁልጊዜ የሚያደርጓትን ያድርጉ። ያለፈውን ወር ይዝጉ።"

"እሱማ ስድስት ዓመት የሠራሁት ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ጣታቸውን ማሳያው ላይ አድርገው ከላይ ወደ ታች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ቆጠሩና ከፈቱ። ከውስጡ ሁለተኛውን ከፈቱ። ከዚያ ሦስተኛው ላይ ያለችውን ምልክት አጠፉ። ኪሩቤል ሰዓቱን አቆመ።

"ሰባት ሰከንድ" አለ።

"ይኼው ነው" አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ኋላ ተደግፈው።

ሀኒያ ወደ ማሳያው ጠጋ አለች። "ሰባት ሰከንድ ጥሩ ነው። ምን እንዳጠፉ ግን አይተሃል?"

ኪሩቤል አየ። የአቶ ገድሉ ጣት ያረፈው "ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ሲሸጥ አስጠንቅቅ" የሚለው ላይ ነበር። ዛፉን ሥርዓት ሲያስይዝ ዝርዝሩን ሁሉ በሀሁ ተራ ደርድሮታል፤ ወሩን የሚዘጋው የድሮው አራተኛ ዘጠነኛ ሆኗል፣ በቦታው ሌላ ገብቷል።

"ስላላነበቡት ነው" አለ። "ስሙ እኮ ፊት ለፊታቸው ተጽፏል።"

ነገሩ ለሁለቱ የጭቅጭቅ ማገዶ ነበር፤ ወዲያው ያዙት። የሺመቤት ግን እዚያው ጥግ ላይ ደረቀች። አራት፣ ሁለት፣ ሦስት። ከቅድሙ ሳቋ የተረፈ ካለ በዚያች ቅጽበት ጠፋ። ዛሬ መጋቢት አንድ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ስልሳ ሰው ይህንኑ እየቆጠረ ነው።

"ጋሼ ገድሉ" አለች።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ ብለው ዞሩ። "እንዴ። ይህች አይደለችም የሺመቤት?"

"እኔው ነኝ ጋሼ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቆጥረው ነው አይደል የገቡት?"

"ቆጥሬ ነዋ። አንቺው አይደለሽ ቁጠሩ ያልሽን።"

አለበል ሊናገር አፉን ሲከፍት እሷ አልጠበቀችውም። "ኪሩቤል፣ ይህ አዲሱ ዛፍ ከዚህ ክፍል ወጥቷል? እውነቱን ንገረኝ።"

ኪሩቤል መጀመሪያ አለበልን፣ ቀጥሎ መሬቱን አየ። "አንድ ቦታ ብቻ። ለሙከራ ብዬ ነው። ትናንት ማታ እንፍራንዝ ላይ ጫንኩት።"

"እንፍራንዝ የኔ አይደለም እንዴ?" አለች መሪየም። "ማንን አስፈቅደህ?"

"ወንድምሽ ካሊድ ፈቅዶልኛል።"

"ካሊድ ለኔ ሳይነግር?" መሪየም ከወንድሟ ጋር ገና ብዙ የምትነጋገረው እንዳለ ከፊቷ ይነበብ ነበር።

የሺመቤት ስልኳን ከፈተች። ዘጠኝ ያመለጡ ጥሪዎች፤ ሰባቱ ከአንድ ቁጥር። ደወለች። እንፍራንዝ ላይ ስልኩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ተነሣ። ወንጌላዊት ነበረች፤ በቅርንጫፉ ብቻዋን የምትሠራው የመድኃኒት ባለሙያ።

"እትዬ የሺ፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ደወልሁ፣ ደወልሁ።" ድምጿ ይቆራረጣል። "ወሩን ዘጋሁ፣ እንዳስተማሩኝ። ከዚያ ቀዩ ማስጠንቀቂያ መምጣቱን አቆመ። መጀመሪያ ልብ አላልሁትም። አንዲት እናት ለልጇ የሚበጠበጥ መድኃኒት ወሰደች፤ ማሽኑ ዝም ስላለኝ ሰጠኋት። ከሄደች በኋላ ተመሳሳዩን ጠርሙስ ከመደርደሪያው ሳወርድ ጊዜው አልፏል። እትዬ፣ ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እንዴት ብዬ ልንገር?"

"እሷም እዚሁ ናት" አለች የሺመቤት፤ ስልኩንም ለመሪየም ሰጠቻት።

መሪየም አልጮኸችም። ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ ወይ ብላ ጠየቀች። ወንጌላዊት በስም አታውቃትም፤ ነገር ግን የሐኪም ወረቀቱ ከጤና ጣቢያው የመጣ ነው። መሪየም መድኃኒት ቤቱን ቆልፈሽ ወደ ጤና ጣቢያው ሩጪ፣ ስሟንና ሰፈሯን ጠይቂ፣ እስክታገኚያት ድረስም ወደዚህ አትደውዪ አለቻት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በክፍሉ መስኮት በኩል የሐይቁ ነፋስ ይገባል፤ ከታች ከስልክ ጥገናው ቤት የሙዚቃ ድምፅ ይሰማል። አቶ ገድሉ መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ ይጠርጋሉ። ሀኒያ ዝግ ባለ ድምፅ ኪሩቤልን ሳትነግረን ለምን አወጣኸው አለችው። እሱም፣ ብነግርሽ ሙከራውን በሆነ መንገድ ታበላሺብኛለሽ ብዬ ነው አላት። ሀኒያ አልተቆጣችም፤ እሷም አንዳንድ ነገር እንዲሁ ከእሱ ደብቃ ይሆናል።

"ለማንኛውም የዛፉ ጥፋት አይደለም" አለ ኪሩቤል። "ልጅቷ አላነበበችም።"

"ያላነበበችው እንዳታነብ ስላስተማርኋት ነው" አለች የሺመቤት።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እሷ ግን ለእነሱ አልነበረም የተናገረችው። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ፣ አንድን ደዋይ፣ 'ፊት ለፊትህ የተጻፈውን አንብብልኝ' ብላ አታውቅም። ለምን ቢሏት፣ ስለሚፈጥን ነው ትላለች፤ ለራሷም የምትነግረው ይህንኑ ነበር። እውነትም ይፈጥናል። ነገር ግን የሚያነብ ሰው አንድ ጊዜ ይደውላል፤ የሚቆጥር ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ይደውላል። ይህን ሆን ብላ አላደረገችውም። ሆን ብላ አለማድረጓ ግን አሁን አላጽናናትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወንበሯን የሚነጥቃት ማን እንደሆነ ስትጠባበቅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዐይኗን ወደ ራሷ እጅ አላዞረችም ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። ወንጌላዊት ሴትዮዋን ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ አግኝታታለች። ጠርሙሱ ከነማሸጊያው ዘምቢሏ ውስጥ ነበር። መሪየም "አልሐምዱሊላህ" ብላ ስልኩን መለሰች። ከዚያ ተነሥታ፣ የድሮው ዛፍ ዛሬውኑ ወደ እንፍራንዝ እንዲመለስ፣ ከእንግዲህም ከእሷ ሌላ ማንም እንዳይፈቅድ ለአለበል ነገረችው፤ ሰላምታዋ አጭር ነበር። አቶ ገድሉም የመሸንቲ ታክሲ ሳይሞላ ልድረስ ብለው ተከተሏት። በሩ ላይ የየሺመቤትን እጅ ይዘው፣ "አንቺስ ትልቅ ሴት መስለሽኝ ነበር" አሏት።

"እኔም እርስዎን" አለች።

ኪሩቤል የድሮውን ዛፍ ወደ እንፍራንዝ ሲመልስ አለበል ጣቶቹን እያፍተለተለ ቆመ። የሆነው ሆነ፣ ሰው አልተጎዳም፣ ደንበኛም አልጠፋም፤ አሁን መወሰን ያለበት ዛፉ ወይስ ሣጥኑ ነው አለ። ሣጥኑ ምንም ሊያገኝ አልቻለም፤ ዛፉ ደግሞ አደገኛ ሆነ።

"አለበል" አለች የሺመቤት። "ጥሪው በሰባ በመቶ ሲቀንስ፣ እኔ ስንት በመቶ እቀራለሁ?"

የሀኒያ ፊት ቀላ። አለበል ግን ያልገባው መሰለ፤ መምሰሉን የሺመቤት አየች።

"እንደዚያ ያለ ነገር የተባለ የለም።"

"ተጽፏል። አንብቤዋለሁ።"

"እትዬ የሺ" አለች ሀኒያ፣ "እኔ የጻፍኩት ጥሪው እንዲቀንስ ነው እንጂ እርስዎ እንዲቀንሱ አይደለም።"

"ጥሪውንና እኔን ምን ለያየን፣ የኔ ልጅ?"

አለበል እጁን አንሥቶ፣ "የሺ፣ ስለሱ ሌላ ቀን ረጋ ብለን እናወራበታለን" አለ።

ሌላ ቀን። ይህን ቃል የሺመቤት ታውቀዋለች። አለበል ፈጽሞ የማይሠራውን ነገር ደንበኛ ሲጠይቅ፣ እሷ በስልክ እንድትልላቸው የሚያዛት ይህንኑ ነበር። ስንት ሰው ሌላ ቀን ብላ እንደሸኘች መቁጠር አትችልም። እንግዲህ ጥርጣሬዋ ልክ ነበር ማለት ነው፤ ወይም ልክ ለመሆን ሩቅ አልነበረም። ከዚህ በኋላ መሳቢያዋን ቆልፋ ብትቀመጥ የሚፈርድባት አይኖርም። ሣጥኑ "ምንም አልተገኘም" እያለ ይኖራል፤ ዛፉ ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል፤ ወንጌላዊትም በየወሩ ትቆጥራለች፣ ስልኩ እስከተከፈተ ድረስ።

ሄዳ መሳቢያውን ከፈተች። ሦስቱን ደብተር አምጥታ ሀኒያ ፊት አኖረቻቸው።

ሀኒያ ወዲያው አልነካቻቸውም። "ምንድን ናቸው?"

"ሰኞ የጠየቅሽኝ። በግራ ያለው የሚሉት ነው፣ በቀኝ ያለው ቦታው።"

"ሰኞ የሰጡኝስ?"

"ሰኞ ዋሽቼሽ ነበር።"

ልጅቷ የመጀመሪያውን ደብተር ገለጠች፤ ከመሃል፣ ከዚያ ከመጨረሻው። ወጥመድ የምትፈልግ ይመስል አልፎ አልፎ ቀና እያለች የሺመቤትን ታያለች። "ማሽኑ ኩርፊያ ያዘ" የሚል አለ፤ በቀኝ በኩል፣ የይለፍ ቃል መቆለፊያ። "የትናንቱ ሽያጭ ዛሬ ላይ መጣብኝ"፤ የቀን አቆጣጠር። "አዲሷ ልጅ ሁሉንም እያየች ነው"፤ የተጠቃሚ ፈቃድ። ሀኒያ ቀስ በቀስ ቀና ማለቷን ተወች። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

"ኪሩ፣ ና እስቲ ይህን እይ።"

ኪሩቤል በትከሻዋ ላይ ጎንበስ አለ። ጥቂት አነበበና፣ ሰው ማስተካከያ ፈልጎ ሳይሆን አንድ ነገር ሆኖበት እንደሚመጣ፣ ስለዚህ ሣጥኑ የሚፈልገው ስሙን ሳይሆን ስሞታውን መሆን እንዳለበት ተናገረ፤ ሀኒያ ይህን ሦስት ሳምንት እንዳልተናገረችው ሁሉ። እሷም ዛሬ ልትከራከረው አልወደደችም። ሣጥኑ ካገኘው በኋላ ግን በግራ በኩል የዛፉ ቅርንጫፍ ተከፍቶ ቦታውን ያሳይ አለ እሱ፤ ሰውየው የት እንደደረሰ ካላየ ነገም ጠፍቶት ይመጣል። ዛፉ ይታይ ግን ቁጥር እንዳይቆጠርበት አለች እሷ፤ ስሙ ጎላ ብሎ ይጻፍ፣ ከማጥፋቱም በፊት ምን ሊያጠፋ እንደሆነ ይንገረው። ይንገረው ካልሽ በመቶ አርባዎቹም ላይ ነው አላት። በአደገኞቹ ላይ ብቻ አለችው። የትኛው አደገኛ እንደሆነ ማን ይለያል አላት። አለበልም ጠጋ ብሎ፣ ይህ ሁሉ እስከ ፋሲካ ያልቃል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መልስ ይሰጡት ጀመር፤ መልሳቸውም የተለያየ ነበር።

የሺመቤት ጥቂት ቆማ አዳመጠቻቸው። ከዚያ ስልኩን አምጥታ ኪሩቤል ክርን አጠገብ አኖረችው።

"ሲደወል አንሣው" አለችው። "ቁጠሩ እንዳትላቸው። ያዩትን እንዲያነቡልህ ጠይቃቸው።"

"እሺ" አለ፣ ዐይኑን ከደብተሩ ሳያነሣ።

ኮምፒውተሯን አጠፋች። ዓባይ ማዶ ላይ አራት ደንበኛ መድኃኒት ቤቶች አሏት፤ አንዱም በመልክ አያውቃትም። ከአንደኛው ወደ ሌላው በእግር ይደረሳል፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ቢበቃ፣ ሳይመሽ አራቱንም ቁጭ አድርጋ ታስነብባቸዋለች። የድልድዩ ባጃጅ በዚህ ሰዓት ሰልፍ የለውም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

"አደገኞቹን እኮ ደብተሩ ራሱ ይነግርሃል፤ እትዬ የሺ በቀይ ያሰመሩባቸውን እይ" ትለዋለች ሀኒያ።

"የታለ ቀዩ?"

የሺመቤት በሩን ነፋሱ እንዳይወረውረው በእጇ ይዛ ገጠመችውና ደረጃውን ወረደች።